የባልዲው ቀለም

የክሊኒኩ ጥበቃ ካፖርት ከትከሻቸው ሰፍቶ እጅጌው ጣታቸውን ይውጠዋል፤ ጫማቸው ግን ዘወትር እንደተወለወለ ነው። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት በመስኮቷ ታያቸዋለች። ሰው የጣለው ዕቃ ፊት ተንበርክከው፣ በተሰነጠቀ ስልካቸው የዛገ ቁልፍ፣ ቀለሙ የተላጠ ወንበር፣ እጀታ የሌለው ባልዲ ፎቶ ያነሳሉ። ከዚያ በሩ ጥግ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የፎቶውን ቀለም ሲቀያይሩ ያረፍዳሉ።

"ሰውዬው ለይቶላቸዋል" ይላሉ የጽዳት ሠራተኞቹ። እሷም አብራቸው ትስቅ ነበር።

አንድ ቀን ሻይ ይዛላቸው ሄደች። ባልዲው ስልኩ ላይ ወይን ጠጅ ሆኖ፣ ዝገቱ እንደ ወርቅ ያበራል።

"አባባ፣ እንዴት ያምራል! ለማን ነው?"

"ለልጄ። ሠዓሊ ናት።" ሻዩን ከእጇ ተቀበሉ። "ቀለም ሆድ አይሞላም ብዬ ብሩሾቿን እሳት ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ከቤት ከወጣች ስድስት ዓመት ሞላት። በየቀኑ አንድ እልክላታለሁ፤ ታየዋለች፣ አትመልስም።"

የባልዲውንም ፎቶ እዚያው ላኩት። ሠራተኛዋ ወደ መስኮቷ ልትመለስ ስትል ስልኩ ጮኸ። ሽማግሌው አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ፤ ከዚያ ስልኩን ሰጧት።

"እስኪ አንቺ አንብቢልኝ፤ ዓይኔን አላመንኩትም።"

"'አባዬ፣ ወይን ጠጁ በዝቷል። ቀነስ አድርገህ እንደገና ላክልኝ' ይላል።"

"እውነቷን ነው!" ብለው ከት ብለው ሳቁ፣ ዕንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። "በዝቷል! ምን ነክቶኝ ነው እንዲህ ያበዛሁት?"