የአቶ ሳልህ «ኢንሻአላህ ነገ»

በደርግ ጊዜ ነው፣ አሰብ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ቤቱ በገባበት ሰዓት፣ የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቤት ሠራተኛ አቶ ሳልህን ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ነበር...

ነገሩ እንዲህ ነው። አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ የምኖርባትን አንዲት ክፍል፣ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ «የሱቄ መጋዘን ናት» ብሎ ከስሶ አስፈረደብኝ። ባለቤቴ አራስ ናት፤ የት ልግባ? ይግባኝ ለማለት ማመልከቻው ተጻፈ፣ ቴምብሩ ተገዛ። የቀረው የውሳኔው ግልባጭ ብቻ ነው። የይግባኙ ጊዜ ሊያልፍ ተቃርቧል፤ አቶ ሳልህ ግን በሄድኩ ቁጥር ዓይኔን ሳያዩ...

«ኢንሻአላህ ነገ፣ መምህር።»

ይኼ ሰውዬማ በልቷል አልኩ።

ያን ቀን ከቢሮ ሲወጡ ተከተልኳቸው። የት ቢገቡ ጥሩ ነው? የከሳሼ ሱቅ! ደሜ ፈላ። ጥቂት ቆይተው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወጡ።

«አቶ ሳልህ! ስንት ሰጠዎት?»

ክው አሉ። ግራ ቀኝ አይተው፣ እጄን ይዘው ወደ ግድግዳው ጥግ ሳቡኝና ጋዜጣውን ገለጥ አደረጉት። የታይፕ ሪባን!

«ወላሂ፣ የቢሮውን ሪባን ሙቀቱ አድርቆት መጻፍ ካቆመ ቆይቷል።»

«ታዲያ የለም አይሉኝም?»

«የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሪባን የለውም ብዬ ላውራ? አሻጥረኛ እንዲሉኝ? ያውም ላንተ!»

«እኔ ምን ሆንኩ?»

«በየቀኑ እየመጣህ ‹ማነው የሚያዘገየው? ስሙን ንገሩኝ› ትላለህ። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም?»

ለካ ጆሮ ጠቢ አድርገውኛል! ልቆጣ ወይስ ልሳቅ... ግራ ገባኝ።

«እሺ፣ ከሳሼ ለእኔ ይግባኝ እንዴት ሪባን ሰጠዎት?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«ለቀበሌ ስብሰባ ነው አልኩት። ገንዘቡንም አልቀበልም አለ።»

ግልባጩ በማግስቱ ደረሰልኝ፤ ፊደሉ ጥቁር፣ ጥርት ያለ። ይግባኙም ጊዜው ሳያልፍ ገባ፣ ክፍሏም ለእኛ ጸናች። እኔና አቶ ሳልህም ወዳጅ ሆነን ቀረን።

እኔ እሳቸውን ስጠረጥር፣ እሳቸው እኔን፣ ነጋዴው ቀበሌውን ሲፈሩ... የሰፈሩ እውነተኛ ጆሮ ጠቢ ሳይሠራ ደመወዙን በልቷል።