ዘግይቶ የሚስቀው ተረፈ

ተረፈ ቤንችኛ አይችልም። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ይህን ያልሰማ ካለ ጥፋቱ የተረፈ አይደለም፤ እሱ እንደሆነ ሻይ ቤት በተቀመጠ ቁጥር ይናገረዋል። «ጅማ ተወልዶ ያደገ ሰው ከየት ያመጣዋል?» ይላል፣ ክራባቱን እያስተካከለ። በየቅዳሜው ከገጠር ጎደሬ ተሸክመው ቢሮው ደጃፍ የሚቆሙትን ንጋቷን ደግሞ «ደንበኛዬ ናቸው» ይላል። እናቱ ናቸው። እሳቸውም ሰው ፊት «ልጄ» ብለውት አያውቁም፤ ጎደሬውን ሰጥተው፣ ፊቱን አይተው ይሄዳሉ። መቼም ክቡር ሰው እናት ምን ታደርግለታለች!

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ሁሉም በቋንቋው ይናገር ተባለና ቤንችኛ የሚችል ሠራተኛ ይፈለግ ጀመር። ተረፈ ግን እንዴት ብሎ አፉን ይክፈት? የስንት ዓመት ውሸት ቢገለጥ የከተማው መሳቂያ መሆኑ ነው። ይባስ ብሎ የመጀመሪያው የቤንችኛ ኮሜዲ በከተማው አዳራሽ ሊታይ ሆነ። ታሪኩ ቋንቋ የማያውቅ ግብር ሰብሳቢን ገበሬዎች ሲያሞኙት ነው። ግብር ሰብሳቢውን ሆኖ ለመጫወት ከተረፈ የተሻለ ማን ይገኛል? ደስ ብሎት ተቀበለ፤ አለማወቁን መድረክ ላይ ከማስመስከር የበለጠ ምን ማረጋገጫ አለ! በልምምዱ ሌሎቹ ሲስቁ ዝም ይላል፤ ከተተረጎመለት በኋላ ይስቃል። ዘግይቶ መሳቅም ሙያ ነው።

የትርኢቱ ዕለት አለቆቹ ከፊት፣ ገበሬው ከኋላ፣ ንጋቷ በሩ ሥር ሆኑ። ሰዉ በገዛ ቋንቋው መድረክ ላይ ሲቀለድ ሰምቶ አያውቅምና በሳቅ ፈረሰ። የገበሬውን ሚስት የምትጫወተው ሎሚ ግን ሳቁ በዛባትና ቃሏ ጠፋት። ከኋላ አንዱ አፏጨባት። ዓይኗ እንባ ሲሞላ ተረፈ ወደ እሷ ዞረ።

አፉ ቀደመው። የጠፋትን ቃል በቤንችኛ ነገራት። አሁንም ስትፈዝበት ቀጣዩን ጨመረላት፤ ያውም የገጠሩን፣ የንጋቷን ቤት ቤንችኛ፣ ከነለዛው። አለቆቹ ተያዩ። ተረፈ የግብር ሰብሳቢውን ባርኔጣ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ንጋቷ ከበሩ ሥር እጃቸውን አነሡ። ከፊት ለተቀመጡት እንዲገባቸው በተሰባበረ አማርኛ ጮኹ፦

«እልል በሉ! ልጄ ዛሬ አፍ ፈታ!»

አዳራሹ ሳቀ። ተረፈ ብቻ አለቀሰ፤ ያውም ሳይዘገይ።