ከኻርቱም ኻርቱም

ሉጥፊያ በመተማ በኩል ኻርቱም የገባችው አይሱዙ ላይ ተጭና፣ በእግሯም ተጉዛ፣ ገዳሪፍ ላይ ታማ ተኝታ ነው። ስለዚህ እናቷ ከሐይቅ ከተማ እየደወሉ «መቼ ነው የምትመጪ?» ባሏት ቁጥር «እማ፣ አገሩ ሩቅ ነው» ስትል የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አልዋሸችም። በኋላ ግን ጓደኞቿ በአውሮፕላን ሲመላለሱ እያየች፣ የምትሠራላቸው ሴትዮም ፈቃድ እሰጥሻለሁ እያሏት፣ በዚያችው «ሩቅ ነው» ሙጭጭ አለች። ፈርታ ነው። አንዴ የእናቷን ደጅ ከረገጠች፣ ተመልሳ የሰው ቤት የምትጠርግ አልመስላት አለ።

የሱዳን ጦርነት ሊነሳ ዓመት ሲቀረው ታዲያ ወንድሟ ረሺድ ትኬት ቆረጠና እናቲቱ ወይዘሮ ሀኒፋ ራሳቸው ሊመጡ ተነሱ። ሉጥፊያን ጭንቅ ያዛት። ቤቷ ቡሪ የሚባል ሰፈር ነው፤ ቡሪ ደግሞ ከኤርፖርቱ አጥር ማዶ። እናቷ ከአውሮፕላን ወርደው ወዲያው ደጇ ላይ ከተገኙ ውሸቷ መግቢያ የለውም።

«ወንዙን ተሻግረህ በኦምዱርማን በኩል ውሰደን» አለችው ጎረቤቷን ገማልን። እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ አባቱ ሱዳናዊ ነው፤ ሚኒባስ ይነዳል።

«ቡሪ እኮ ገሪብ ነው። እዚህ ጋ።»

«ቅርብ መሆኑንማ አውቃለሁ። አንተ አርቀው።»

ወይዘሮ ሀኒፋ በሶና ቆሎ የሞላበት ከረጢት አቅፈው ከኤርፖርቱ ወጡ። ሉጥፊያ ተጠምጥማባቸው ስታበቃ ከረጢቱ ምን እንደሆነ ጠየቀች።

«የመንገድ ስንቄ ነዋ። ሩቅ ነው አላልሽም? ሳልፈታው ውረዱ አሉኝ።»

ገማል «ያላ» ብሎ ተነሳ። ድልድይ ተሻገሩ፣ የኦምዱርማን ገበያ መሀል ተቀርቅረው ቆሙ፣ እንደገና ድልድይ ተሻገሩ። ልጁ ሥራውን ወዶታል።

«ይቺን ድልድይ ቅድም አይቻታለሁ» አሉ ወይዘሮ ሀኒፋ።

«ወላሂ ሌላ ነው፣ ሐጃ። ያ ወንድሙ ነው።»

ሲመሽ ቡሪ ደረሱ። ከሚኒባሱ ሲወርዱ አንድ አውሮፕላን ጣሪያውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው አልፎ ከአጥሩ ማዶ አረፈ። ወይዘሮ ሀኒፋ አንገታቸውን አቅንተው አዩት። ገብተው ሰገዱና ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«የቀትሩን ዙህር አዲስ አበባ ሰግጄ ተሳፈርሁ። የከሰዓቱን ዐስር እዚሁ ኤርፖርት ሰገድሁ። ከዚያ እዚህ ስደርስ መግሪብ ሆነ። ከአዲስ አበባ ኻርቱም ቅርብ ነው፤ ከኻርቱም ኻርቱም ነው የራቀኝ።»

ሉጥፊያ አለቀሰች። «ፈርቼ ነው እማ። ከመጣሁ መመለስ የሚያቅተኝ መሰለኝ።»

ወይዘሮ ሀኒፋ እንባዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት። «እኔ እኮ ሰዉ ልጅሽ ረሳችሽ ሲለኝ፣ አገሩ ርቆባት ነው እያልሁ ስከራከርልሽ ነው የኖርሁት።»

«አሁንስ ምን ትያቸዋለሽ?»

«ሩቅ ነው እላለኋ። ስንቄን ጨርሼ ነው የደረስሁ እላለሁ» አሉና የከረጢቱን አፍ ፈተው ቆሎ አዘገኗት። «ለመጪው ዒድ ካልመጣሽ ግን ዙህርና ዐስሩን ለሐይቅ ሰው አንድ ሳላስቀር ነው የምነግረው።»