አምፕሊፋየሩ እስኪሞቅ

የሞቀ አቧራ ሽታ አለ፣ የድሮ ሬዲዮ ሲከፈት የሚሸተው። ባለፈው መገናኛ፣ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ በር ላይ ሸተተኝና እግሬ ቀጥ አለ። በደርግ ጊዜ የቤት ለቤት አሰሳ የተደረገበት ቀን መጣብኝ።

ታላቅ ወንድሜ የምሽት ክበብ ውስጥ ጊታር ይመታ ነበር። ሰዓት እላፊው ክበቡን ሲያዘጋው ጊታሩንና አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ የካ፣ እናታችን ቤት ገባ። አምፕሊፋየሩን የገዛው አገር ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ ነው። ትልቅ ሣጥን ሆኖ ከኋላው እንደ አምፖል የሚበሩ ብርጭቆዎች ተሰክተውበታል። አዳዲሶቹ ገና ሲከፈቱ ይጮሃሉ፤ ይሄ መጀመሪያ መሞቅ አለበት። ከእንጦጦ ብርድ በወረደ ቀንማ ጭራሽ ይዘገያል። "ድምፁ ግን ከደረቱ ነው የሚወጣው" ይል ነበር ወንድሜ። እኔ ሣጥን እንጂ ደረት አይታየኝም ነበር።

አብዮት ጠባቂዎቹ ጠዋት መጡ፤ አንድ ጎልማሳና አንድ ወጣት። ፍራሽ ገለበጡ፣ ቁም ሣጥን በረበሩ። ጎልማሳው ከአምፕሊፋየሩ ኋላ ብርጭቆዎቹን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ይሄ መገናኛ ሬዲዮ ነው! ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

ወንድሜ "የጊታር..." ብሎ እጁን ወደ ጊታሩ ዘረጋ። በዚያ ሰሞን በጥርጣሬ የተወሰደው የጎረቤታችን ልጅ አልተመለሰም። እናቴ ግድግዳውን ተደገፈች።

"የጊታር ድምፅ ማጉያ ነው፤ ከፍተን እናሰማዎት" አልኩ።

"እሱ ንቅንቅ እንዳይል! አንቺ ክፈቺው።"

ከፈትኩት። ቀይዋ መብራት በራች። የጊታሩን ክር መታሁ። ጸጥ።

"የታለ ድምፁ?"

"እስኪሞቅ ነው።"

"ምኑ ነው የሚሞቀው? ሻይ ነው እንዴ?"

"የድሮ ዕቃ ነው፣ ቶሎ አይነሳም። እርስዎስ ጠዋት ቶሎ ይነሳሉ?"

"አንቺ ልጅ!" አለች እናቴ። ወጣቱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ያን አፍ ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም። ጎልማሳው ግን የወንድሜን ክንድ ይዞ ወደ በሩ መጎተት ጀመረ። እኔ ክሩን መምታቴን አልተውኩም። ብርጭቆዎቹ ቀስ እያሉ ቀሉ፤ የአቧራው ሽታ መጣ፤ ሣጥኑ አጉረመረመ። ደግሜ ስመታ ቤቱ ተናወጠ። ጎልማሳው ደንግጦ የወንድሜን ክንድ ለቀቀ።

እስኪበቃው ጊታሩን አስመታኝ። "ጊታር ነው" አለ በመጨረሻ፣ ቅር እንዳለው። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ "አንቺ ግን አትችዪም" አለኝ።

"እየተማርኩ ነዋ!"

ሲሄዱ ወንድሜ መሬት ላይ ዘጭ አለ። አምፕሊፋየሩን ላጠፋ እጄን ስሰድ፣ "ተዪው" አለች እናቴ፤ ጫጫታው ራሴን ፈለጠኝ ስትል የኖረችው እናቴ። አሰሳው ከተወራ ጀምሮ ዓይኗ ተከድኖ አያውቅም ነበር። የተገለበጠው ፍራሽ ላይ ጋደም አለች፤ ሣጥኑ እያጉረመረመ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ወንድሜ ተነስቶ ጋቢ አለበሳት። እንዳትነቃብን ፈርተን ሁለታችንም ካለንበት ሳንነቃነቅ ቁጭ አልን።