የሱረያ ፎልደር

እህቴ እየሩስ ቀናተኛ ናት። ሐሜት አይደለም፤ ፊት ለፊቷም እላታለሁ። የምትቀናው ደግሞ በአንድ ሰው ብቻ ነው፤ በሱረያ።

ሁለቱ አብረው ተመርቀው፣ «ለውጥ» በተባለው ሰሞን አዲስ አበባ ባለ አንድ ድርጅት ተቀጥረው፣ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ከእኔ ዓሣ ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ጠረጴዛ ተጋርተው ይሠሩ ነበር። ድርጅቱ ለቁጠባ ማኅበራት የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራል፤ የእነሱ ድርሻ ኮምፒውተሩ ራሱ ፕሮግራሙን እየነካካ እንዲፈትሽ ትእዛዝ መጻፍ ነው። ሱረያ ቀልጣፋ ናት። አለቃቸው ኃይለ ሚካኤል በስልክ «ጎበዝ ሱረያ!» ባለ ቁጥር እህቴ ምሳዋን ትታ ትነሣለች። የጠበስኩት ዓሣ ምን በደለ?

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቃረብ ሱረያ ወደ አዲስ አበባ ለመሸሽ ተነሣች። ላፕቶፔን መንገድ ላይ ይቀሙኛል ብላ ስለ ፈራች ሥራዋን በሙሉ በአንድ ፎልደር አድርጋ እህቴ ላፕቶፕ ላይ ገለበጠችና «እየሩስዬ፣ ይሄ አደራ!» ብላ ሄደች። እኛም አምባሰል፣ አባታችን ዘንድ ወጣን። እየሩስ ላፕቶፑን ጎተራ ውስጥ ጤፍ አልብሳ አከረመችው። በእኛ አገር የአደራ ዕቃ ካስቀመጡበት አይነቃነቅም፤ ተከፍቶም አይታይም። ቅናት እያንገበገባት እንኳ ያቺን ፎልደር አልነካቻትም። ይሄን እመሰክርላታለሁ።

መንገዱ ሲከፈት ወደ ሐይቅ ተመለስን፤ ሱረያ እዚያው አዲስ አበባ ቀረች። ኃይለ ሚካኤል ከሁለቱ አንዷን የፈታሾቹ ኃላፊ እንደሚያደርግ ተናገረ። እየሩስ እህል አልወርድ አላት። በዚሁ ሰሞን የእሷ ፍተሻ ሁሉ ይወድቅባት ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፕሮግራሙ መግቢያ ገጽ ተቀይሯል። እንዴት እንደሚገባ የተጻፈው ደግሞ ፍተሻዎቹ ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት፣ ላይብረሪ በሚሉት ፋይል ውስጥ ነው። እሱን አስተካከለች፤ ፍተሻው ወደቀ። ደግማ አስተካከለች፤ ወደቀ። ላፕቶፑን አጥፍታ አበራች፣ ትእዛዛቸውን የሚያስፈጽመውን መፈተሻ ፕሮግራም አጥፍታ እንደገና ጫነች፤ ወይ ፍንክች! የሱረያ ግን አዲስ አበባ ላይ ያለ አንዳች እንከን ያልፋል።

«ይቺ ልጅ ድግምት አላት!» አለችኝ ዓይኗ ቀልቶ።

«ድግምቱስ ያንቺ ሆድ ውስጥ ነው» አልኳት።

በመጨረሻ ተናደደችና ላይብረሪዋ ውስጥ የማይረባ ነገር ሞጀረችበት። ጨርሶ መበላሸት ነበረበት፤ ፍተሻው ግን እንደ ቀድሞው እዚያው ቦታ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ባነነች፤ ለካ የእሷን ፋይል ጭራሽ አያነበውም! ላይብረሪውን ከየት እንደሚጭን እንዲያሳያት መፈተሻውን ብታዘው የሱረያን ፎልደር አድራሻ አወጣላት፤ እዚያ ያለው ደግሞ መግቢያው ሳይቀየር የተገለበጠ አሮጌ ፋይል ነው። መፈተሻው ላይብረሪ ሲፈልግ በተሰጡት አድራሻዎች ተራ በተራ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ሌላውን ይተዋል። ሱረያ ስትገለብጥ የራሷን አድራሻ ከፊት አስገብታው ኖሯል። እህቴ ላፕቶፑን ሙሉ ስታስስ ያቺን ፎልደር አደራ ናት ብላ ዘልላታለች።

የራሷን አድራሻ ከፊት አደረገች። ፍተሻው ሁሉ አለፈ። የተደሰተችው ግን በፍተሻው አልነበረም። «አገኘኋት!» አለችና ሥራው የዘገየው በሱረያ ጥፋት መሆኑን፣ ሁሉም በሚያነበው በመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፈች። «ተይ አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ለራሷ ደውይላት» ብላት ማን ሰምቶኝ!

መልሱ ወዲያው መጣ፤ ከራሷ ከሱረያ። እህቴ ጮክ ብላ አነበበችልኝ።

«እውነቷን ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አድራሻውን ሳላነሳው ሄድኩ፤ ፎልደሩንም ወላሂ ረስቼው ነበር። እየሩስዬ፣ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሀል ጠብቀሽልኛል፤ አላህ ያክብርሽ። አቶ ኃይለ ሚካኤል፣ ኃላፊነቱን ለእሷ ይስጧት፤ ደስታዬ ነው።»

ኃይለ ሚካኤልም «ተስማምቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያለሽ እየሩስ» ብሎ ጻፈ።

እልል ልል አፌን ስከፍት እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የደስታ እንባ መስሎኝ አቀፍኳት።

«ምን ያስለቅስሻል? አሸነፍሽ እኮ!»

«የቱ ጋ ነው ያሸነፍኩት?» አለችኝ እየተንሰቀሰቀች። «በምን ልቅደማት እስቲ? በደግነት እንኳ ቀደመችኝ!»