መዳፍ ያልታተመበት ጋን

ባለፈው ጥር፣ አሶሳ፣ የወንድሜ ልጅ ሰርግ ላይ ከድንኳኑ ጀርባ ሳልፍ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ሦስት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። አፋቸው በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል፤ ከረጢቱን ደግሞ ዝንብ ሸፍኖታል። ጠላ ነው። ግን ከጌሾውና ከብቅሉ ሽታ ሥር ሌላ የሚከረክር፣ ምላስ ላይ የሚቀር ነገር ነበረበት። ስፌት ቤቴ ጎን የእርሻ መድኃኒት የሚሸጥ ሱቅ ስላለ ያን ሽታ ከጠዋት እስከ ማታ ስተነፍሰው ነው የምውለው። የአረም ማጥፊያ ነው።

ወንድሜን ወደ ጥግ ጎትቼ በርሜሎቹ ምን እንደነበረባቸው ጠየቅኩት። «ጀመረሽ ደግሞ» አለኝ። «ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥበዋል። ይልቅ ግቢና ቁጭ በይ።» ገብቼ ቁጭ አልኩ። አንዲት ቀጂ ልጅ ጆጓን በርሜሉ ውስጥ ስትነክር እጇ እስከ ክርኗ ድረስ ከነአምባሯ ገብቶ ወጣ። ከክርኗ እየተንጠባጠበ መጥታ ብርጭቆዬን ሞላችው። እሷ አልቀመሰችም። እንድትቀምስም ማንም አልጠበቀም። ብርጭቆውን ወንበሬ ሥር አስቀመጥኩትና እትዬ ዘነቡን አስታወስኩ።

እትዬ ዘነቡ የመንደራችን ጠማቂ ነበረች። መንደራችን ከአሶሳ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ደርግ ከወሎ አምጥቶ ያሰፈረን ሰዎች መንደር። ሰርግም ይሁን ተዝካር፣ ድግስ የደገሰ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነበር። ረጅምና ደረቅ ሴት ናት። ፊቷ ሁልጊዜ የኮመጠጠ ነገር የቀመሰች ያስመስላታል። አጠገቧ ሰው ካስነጠሰ ትነሳለች፤ ንፍጡን ያዝረበረበ ሕፃን ካየች ቁርሷ ይቀራል። እናቴ «ዘነቡ ራሷንም ትጸየፋለች» እያለች ትስቅባት ነበር። እኔ ግን እወዳት ነበር፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ተጸያፊ ነኝ።

ልትጠምቅ ስትመጣ ወንፊቷንና ሽክናዋን በታጠበ ጨርቅ ጠቅልላ ከቤቷ ይዛ ነው። የሰው ዕቃ አትነካም። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ታሸዋለች፣ ታለቀልቀዋለች፣ እንደገና ታሸዋለች፤ አረንጓዴው ውሃ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ ጭንቅላቷን ጋኑ አፍ ውስጥ ከትታ ታሸተዋለች። ዝም ብላ ብቅ ካለች ጋኑ አለፈ ማለት ነው፤ «እፍ» ካለች ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይጀመራል። የተቆላው ገብስ ሽታ፣ የጋኑ ጭስና የግራዋው ምሬት አንድ ላይ ሆኖ ልብሳችን ውስጥ ሳምንት ይቆይ ነበር። እሱን ሽታ ወድጄዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ንጹሕ የምለው ነገር ሁሉ በእሱ ይለካል።

መጠጡ ጋን ከገባ በኋላ አፉን በሙዝ ቅጠል ትሸፍንና በጭቃ ትመርገዋለች። ጭቃው ሳይደርቅ አምስት ጣቷን ዘርግታ ቀኝ መዳፏን ታትምበታለች። ትንሿ ጣቷ ተሰብራ ጎባጣ ስለቀረች ያንን ማኅተም ሌላ ሰው አስመስሎ ሊሠራው አይችልም። ስትቀዳም እንዲሁ ናት። በደንቡ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ መቅመስ አለበት። ሌሎቹ ሴቶች ለይምሰል ከንፈራቸውን አስነክተው ያልፋሉ። እሷ ስትቀምስ ግን ጉሮሮዋ ሲወርድና ሲወጣ ይታያል፤ ከዚያ ነው የእንግዳውን ጣሳ የምትሞላው።

ታላቅ እህቴ ስትዳር ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ደሳለኝ በመንደሩ ስሙን የሚወድ ሰው ነበርና አገር ምድሩን ጠራ። ለክርስቲያኑ አራት ጋን ጠላ፣ ለእስላሙ አንድ ትልቅ ጋን ቀሪቦ ተጠመቀ። ቀሪቦ ጌሾ የሌለበት፣ የማያሰክር፣ የጠቆረ ገብስና ስኳር ነው። ከእስላሞቹ እንግዶች ዋናው ሼህ ሐሚድ የሚባሉ የአገሬው፣ የበርታ ሽማግሌ ነበሩ። እኛ በክረምት ከመኪና ተራግፈን ሜዳ ላይ ስንቀር ዘመዶቻቸውን ሰብስበው ቀርከሃ ቆርጠው የመጀመሪያውን ቤታችንን ያቆሙልን እሳቸው ናቸው። አባቴ ይህን ለሰው ሁሉ ያወራዋል፤ ሲያወራውም እንባ ይቀድመዋል።

በሰርጉ ዕለት ጎህ ሲቀድ ጓዳ ውስጥ፣ ከጋኖቹ አጠገብ፣ ማሽላ በሞላው ማዳበሪያ ላይ ተኝቼ ነበር። የጭቃ መሰበር ድምፅ ቀሰቀሰኝ። አባቴና ሁለት ጓደኞቹ ሌሊቱን አረቄ ሲጠጡ አድረው ራሳቸውን ሊያበርዱ የቀሪቦውን ጋን ከፍተዋል። በዘይት ጣሳ እየጨለፉ፣ እያገሱ፣ ጢማቸውን በእጃቸው እየጠረጉ ጠጡ። የእትዬ ዘነቡ መዳፍ መሬት ላይ ተሰባብሮ ወድቆ ነበር። አባቴ ዓይኔ መገለጡን ሲያይ ጣቱን አፉ ላይ አደረገና አንድ ጣሳ ሞልቶ ሰጠኝ። ጣፋጭ ነበር፤ እስከ አተላው ጠጣሁት። ሲወጡ ጋኑ ላይ አሮጌ ጆንያ ጣል አድርገውበት ሄዱ።

እኩለ ቀን ላይ ዳሱ ሞላ። ሼህ ሐሚድ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ሰባት ዘመዶቻቸውን አስከትለው መጡና ለብቻ በተነጠፈው ቦታ ተቀመጡ። እትዬ ዘነቡ ቀሪቦ ልትቀዳላቸው ጓዳ ገባች። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ከሰው ተደብቄ ዳቦ እበላለሁ። ጆንያውን ስታይ ቆመች። ካነሳችው በኋላም አልጮኸችም። አንገቷን ብቻ ወደ ኋላ ሳበች።

ጠጋ ብዬ አየሁ። ምነው ባላየሁ። አይጥ ነው፤ ሆዱ አብጦ፣ በጀርባው ተንሳፎ፣ አረፋው ጢሙ ላይ ተጣብቆ። ጸጉሩ ረግፎ ቀሪቦው ላይ እንደ ገለባ ተበትኗል። የጠዋቱ ጣፋጭ ወደ ጉሮሮዬ ተመለሰ። አይጡ የገባው እኔ ከጠጣሁ በኋላ መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ፤ ምላሴ ግን እስከ ዛሬ አላመነውም።

እትዬ ዘነቡ አባቴን አስጠራችው። መጥቶ አየ።

«ጋኑን ማን ነው የከፈተው?» አለችው።

«እሱን ኋላ እናጣራለን። እንግዳ ተቀምጧል።»

«ይደፋ። እኔ ስኳር በውሃ በጥብጬ አቀርብላቸዋለሁ።»

«በልጄ ሰርግ የስኳር ውሃ? ልታዋርጂኝ ነው? አጥልይውና ቅጂ።»

«አይጥ እኮ ነው፣ ደሳለኝ።»

«አይቻለሁ። ለእነሱ ነው ያልኩሽ፣ ለሚዜዎቹ አላልኩሽም።»

ይቺን ቃል ሲናገር ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። እነዚያ ሰባት ስምንት ሰዎች በሠሩለት ቤት ጓዳ ውስጥ ቆሞ ነው እንዲህ ያለው። ከአይጡ ይልቅ እሱ ቀፈፈኝ፤ አባቴ ቀፈፈኝ። እትዬ ዘነቡ «መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ መቅመሱንስ ምን ላደርገው ነው?» ስትለው «አስመስለሽ እለፊ፤ እምቢ ካልሽ ሌላ ሴት ትቀዳዋለች» አላት። አይጡን በጅራቱ አንስቶ በጓሮ በር ወረወረው። ጣቶቹን መጋረጃው ላይ ጠረገና በዚያው እጁ እንግዶቹን ሊጨብጥ ወጣ።

 ሌላ ሴት እንደምትቀዳው ታውቃለች። ከዚያ አንድ እንስራ ቀሪቦ ቀድታ በወንፊቷ አጠለለች። ወንፊቱን መልሳ በጨርቁ አልጠቀለለችውም፤ መሬት ላይ ጣለችው። እንስራውን ተሸክማ ስትወጣ ተከተልኳት። በቃ ልታጠጣቸው ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ሼህ ሐሚድ ፊት ስትደርስ ግን መዳፏን አልዘረጋችም። ወደ አባቴ ዞረች። ዳሱ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ «ዛሬ ለክቡር እንግዳ ባለቤቱ ራሱ ያቅምስ» አለች። ሰው ደስ አለው፤ አንዳንዱም አጨበጨበ። አባቴ ፈገግ እንዳለ መዳፉን ዘረጋ፤ ምን ያድርግ? ሽክናዋን ዘንበል አድርጋ ሞላችለት። ወደ አፉ አስጠጋው። ጉሮሮው ግን አልተንቀሳቀሰም። ቀሪቦው በጣቶቹ መሀል ሾልኮ፣ በእጅ አንጓው ወርዶ፣ ለሰርጉ የተገዛው ነጭ ሸሚዝ እጅጌ ውስጥ ገባ። እጅጌው እስከ ክርኑ ጠቆረ። «አቤት ጣዕሙ» አለ አባቴ።

ሼህ ሐሚድ እጅጌውን አዩ። እትዬ ዘነቡን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ጣሳቸውን በመዳፋቸው ከደኑት። «ደሳለኝ፣ እኔ ውሃ ይበቃል። ውሃ ስጠኝ» አሉ በተሰባበረ አማርኛቸው። ዘመዶቻቸውም አንድ በአንድ ጣሳቸውን ከደኑ። ውሃ ጠጡ፤ «ሙሽራ ልጅህ አላህ በረካ ይስጠው» ብለው መረቁና ተነስተው ሄዱ። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ቤታችንን ግን ከዚያ በኋላ አልረገጡትም።

በማግስቱ አባቴ ለመንደሩ ሁሉ ዘነቡ ጋን ሳትከድን ትታ አይጥ አስገባችና አዋረደችኝ ብሎ አዳርሶ ነበር። ሴቶቹ ድስት ለማጠብ ጓሯችን ተሰብስበው ሳሉ እትዬ ዘነቡ መጣች። ቁጣ አልነበራትም። «የመረግኩት ጭቃ ተሰባብሮ መሬት ላይ ነበር። ማን እንደሰበረው ያየ አለ?» አለች። ሴቶቹ ድስታቸውን ማጠብ ቀጠሉ። ወደ እኔ ዞረች። «ብርቄ፣ ጓዳ የተኛሽው አንቺ ነሽ። ማንም አልገባም?»

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉር ነበር። መጎርጎሩን አቆመ።

«ተኝቼ ነበር» አልኩ።

አየችኝ። አይጡን ያየችበት ፊት አልነበረም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «እሺ» አለችና ሽክናዋን ይዛ ሄደች። ወንፊቷን አልወሰደችም።

ከዚያ በኋላ ለድግስ የጠራት የለም። ያቺ ሰው ሲያስነጥስ የምትነሳ ሴት «አይጥ ያጠጣች» ተባለች። አሶሳ ገበያ ቁጭ ብላ የተቆላ ለውዝ መሸጥ ጀመረች። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን በፊቷ ሳልፍ ጠራችኝ። «አደግሽ» አለችኝ። አንድ ፍሬ አንስታ፣ አሽታ፣ ገለባውን እፍ ብላ ፊቴ በላችና ከዚያ እፍኜን ሞላችልኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር ያለብኝ። አፌ ላይ ደርሶም ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» ብዬ ለውዜን ይዤ ሄድኩ። ሞቷን የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። በእህቴ ሰርግ ሰሞን ያልቀፈፈኝ ነገር ቢኖር ራሴ ብቻ ነኝ፤ እሱም ቆይቶ መጣ።

እንግዲህ በወንድሜ ልጅ ሰርግ ላይ ይህን እያሰብኩ ነበር የተቀመጥኩት። ከጎኔ የድሮ ጎረቤታችን እትዬ የሺ ነበሩ፤ ያኔ ጓሯችን ድስት ካጠቡት ሴቶች አንዷ። ወንድሜ ሰላም ሊላቸው ጎንበስ ሲል «ኧረ ልጄ፣ በርሜሉን ደህና አድርጋችሁ ክደኑት፤ እንደ ዘነቡ አይጥ እንዳታጠጡን» አሉት። ወንድሜ ሳቀ። ያኔ ጡት እንኳ አልጣለም፤ ግን ተረቱን ያውቀዋል፤ ቤታችን ውስጥ ሲሳቅበት ነው ያደገው።

«ጋኑን የከፈተው አባባ ነው» አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ።

«ከጓደኞቹ ጋር ጎህ ሲቀድ ከፍተው ጠጡ። ጆንያ ጣሉበትና ሄዱ። እኔ ነቅቼ አይቻለሁ። አንድ ጣሳ ሰጠኝና ዝም አልኩ። እሷ በጭቃ መርጋዋለች፤ መዳፏን አትማበታለች። ምንም አላጠፋችም።»

ወንድሜ ዙሪያውን ገላመጠ። «በልጄ ሰርግ ልታዋርጂኝ ነው?» አለኝ። ቃል በቃል አባባን ነው። እትዬ የሺ ግን እሱን አልሰሙትም። እጃቸው ብርጭቋቸው ላይ እንዳለ አዩኝ። «ታዲያ ይኼንን ለእሷ ነበር መንገር፣ ብርቄ» አሉኝ። «ለእኔ አሁን ምን ያደርግልኛል?»

 ያቺ ቀጂ ልጅ ጆጓን ይዛ ደረሰችና ወደ እትዬ የሺ ብርጭቆ አዘነበለች። መዳፌን ብርጭቆው ላይ ከደንኩት። ጠላው እጄ ላይ ፈሰሰ፤ ቀዝቃዛ ነበር፤ የአረም መድኃኒቱም ሸተተኝ።

«ይኼ በርሜል መርዝ የነበረበት ነው» አልኩ፣ የጎረቤት ጠረጴዛ እስኪሰማ። «ለማንም እንዳትቀጂ። ውሃ አምጪልን።»