ማነጣጠሪያ የሌለው ጠብመንጃ

እዚህ አሜሪካ፣ እንግልውድ ከተማ ውስጥ፣ ቤታቸው እየሄድኩ ሦስት ዓመት ያስታመምኳቸው አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። የስኳር በሽታ ሁለቱንም ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። እኔ ገላቸውን አጥባለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ሾርባቸውን አሞቃለሁ። እሳቸው ቀኑን ሙሉ አንድ አሮጌ የአየር ጠብመንጃ ጭናቸው ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ።

በወጣትነታቸው የምልምል ወታደሮች አሠልጣኝ ነበሩ፤ ጠብመንጃውም የዚያን ጊዜ የማሠልጠኛ መሣሪያ ነው። በአየር ግፊት ቁንዶ በርበሬ የምታህል የብረት ፍሬ ከመትፋት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ሆኖም የድሮ ዕቃ ሰብሳቢዎች ይሽጡልን እያሉ በስልክ ይለማመጧቸዋል። የሚፈልጉት ለጉድለቱ ሲሉ ነው፤ ሲሠራ ጀምሮ ማነጣጠሪያ የለውም። ምልምሉ አንድ ዓይኑን ሳይጨፍን፣ ምንም ሳያስብ፣ ያየውን እንዲመታ ነበር የሚያለማምዱበት። ይህን ሲነግሩኝ ደስ አላለኝም። ሳያስብ የሚተኩስ ሰው እኔም አውቃለሁ።

ገና በመጀመሪያው ቀን፣ "መሣሪያ ይዘህ ታውቃለህ?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር።

"በፍጹም!" አልኩ አፌን ሞልቼ።

ለመልሱ አልተቸገርኩም፤ የቆየ መልስ ነው። ስደተኛ ሳለሁ የሞላሁት ቅጽ ላይ "ወታደር ነበርክ?" የሚል ጥያቄ ነበረ። አዋቂ ነን ባዮች መከሩኝና "አልነበርኩም" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ለሚስቴም፣ እዚህ ኦሮራ ለተወለደችው ልጄም ያንኑ ስደግም ኖርኩ። ልጄ ነርሲንግ እየተማረች ነው። ዝንብ የማይገድል አባት እንዳላት ታምናለች። መንግሥትን መፍራት ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ የምፈራው እሷ አንድ ቀን እንደ ሌላ ሰው እንዳታየኝ ነው።

በረዶ በጣለ ማግስት፣ ፀሐዩ ዓይን የሚያሳውር ቀን፣ ሽማግሌው ጓሮ ውሰደኝ አሉ። ፍሬው ጎረቤት እንዳይገባ አጥሩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አሰቀሉኝ። ከዚያ "ከኋላዬ ቁምና የሾርባ ቆርቆሮ ክዳን ወደ ላይ ወርውርልኝ" አሉ። ክዳን መወርወር ምን ኃጢአት አለው ብዬ ወረወርኩ።

ጠብመንጃው ጧ ሲል ክዳኑ ቅጭል አለ።

አጋጣሚ ነው ብዬ ሳቅኩ። ደግሜ ወረወርኩ፤ ቅጭል። አሥር ጊዜ ብወረውር ዘጠኙን መቱ። ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። መንደሩ ጭጭ ብሏል፤ የጎረቤት ውሻ እንኳ አይጮህም። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ።

"ክዳኑ ሲወጣ ድምፅ የለውም። እንዴት ያገኙታል?" አልኳቸው።

"ክዳኑን መች ሰማሁት? የምሰማው አንተን ነው" አሉ። "ክዳኑ ጫፍ ሲደርስ ትንፋሽህን ትይዛለህ። ያኔ ምላጩን እስባለሁ።"

ክው አልኩ። የሚቀጥለውን ስወረውር ሆን ብዬ ተነፈስኩ። ሳቱ። አሁንም እየተነፈስኩ ወረወርኩ፤ ሳቱ። በሦስተኛው ራሴን ረሳሁ። ቅጭል።

ሽማግሌው ነጭ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "መሣሪያ ይዞ የማያውቅ ሰው እዚያች ቅጽበት ላይ ትንፋሹን አይይዝም። ማን እንዳሠለጠነህ አላውቅም፤ ግን ጥሩ አድርጎ አሠልጥኖሃል" አሉ። "የምታነጣጥረው አንተ ነህ። እኔ ጣቴን ብቻ ነው ያዋስኩህ።"

ትንፋሼ ጊዜውን ይነግራቸው ይሆናል፤ አቅጣጫውን ማን እንደነገራቸው ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ወደ ቤት አስገባኋቸው። ሾርባውን ሳቀርብ ግማሹን ደፋሁት። በማግስቱ ወርውርልኝ ሲሉኝ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ወረወርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ወረወርኩ። የሚያሳፍረኝ ደስ ይለኝ የነበረ መሆኑ ነው።

በሳምንቱ መጨረሻ ከሥራ ወጥቼ ፒዮሪያ ስትሪት ያለው አፓርታማችን ደረስኩና መኪናዬን ፓርክ አደረግኩ። ልጄ ከላይ ደረጃው ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር።

"አባዬ፣ ካች!" ብላ የፖስታ ሣጥኑን ቁልፍ ወረወረችልኝ።

ቁልፉ ተሽከርክሮ ወጣ፤ ፀሐይ ላይ ብልጭ አለ። እጄን አላነሳሁም። ቁልፉ እግሬ ሥር ወደቀ። የቆመ ትንፋሼ የተሰማኝ ያኔ ነው፤ ዓይኔም ቁልፉ ላይ አልነበረም። ዓይኔ ያረፈው ቁልፉ በነበረበት መስመር፣ ከኋላው ባለው የልጄ ፊት ላይ ነበር።

እየሮጠች ወረደች። "አባዬ፣ ብሬዝ አላደረግክም፣ አልተነፈስክም እኮ! አር ዩ ኦኬ?" አለችና እንደተማረችው ሁለት ጣቷን እጄ አንጓ ላይ አድርጋ፣ ሰዓቷን እያየች የልብ ምቴን መቁጠር ጀመረች።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች።

"ወታደር ነበርኩ" አልኳት።

ጣቶቿን ከእጄ ላይ አላነሳችም። መቁጠሯን ግን አቆመች።